ባይቱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ስሙ ግን ተበላሽቶ ይወጣል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የምሠራው አዳማ ነው። መልሶቹ እየበዙ መሃል ላይም ስለተደበላለቁ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ ቃል ልተርከው። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው።

የመክፈቻው ጥያቄ

ለአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ የታካሚውን ስም በታብሌት ትጽፋለች። ታብሌቱ ስሙን ወደ ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር ወደሚያስቀምጣቸው ትንንሽ ቁጥሮች፣ ቀይሮ ጓዳ ወዳለው ኮምፒውተር ይልካል። እዚያ ያለው፣ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ባይቶቹን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል፣ ወረቀት ያትማል። እኔ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር።

ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን እዚያው ቆሜ አንዲት እናት ወረቀታቸውን ተቀበሉ። መነጽራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አደረጉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ልጄ ብለው ጠርተውኝ ስማቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስማቸው መኖር ባለበት ቦታ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ተደርድሯል። በየመሃሉ የዲግሪ ክብ፣ ፐርሰንት የሚመስል ምልክትና ጥያቄ ምልክት አለ። ሴትዮዋ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ የተጻፈው ነው ያልሆነው። የምመልሰው አጣሁ።

የዚያን ቀን ማታ ነው ክሩን የከፈትኩት። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ባይት አሬይን፣ ማለትም የባይቶችን ድርድር፣ ወደሚነበብ አማርኛ እንዴት ልቀይር? እኔ ጋ የሚሠራው ኮድ እዚያ ሲደርስ ለምን እምቢ ይላል?

መልስ 1

በጣም ትሁት ሰው ነው የጀመረው። ምናልባት አሬዩን በቀጥታ ቱ ስትሪንግ (ወደ ጽሑፍ ተቀየር) ብዬው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጃቫ ውስጥ ባይት አሬይን እንዲያ ስንጠይቀው ይዘቱን አይሰጠንም። የካሬ ቅንፍ፣ አንድ የላቲን ፊደልና ለማንም የማይገባ መለያ ነው የሚያትመው። የእኔ ችግር ይህ አልነበረም። ግን ጀማሪ ሁሉ እዚህች ላይ ስለሚሰናከል መነሳቱ ጥሩ ነው።

መልስ 2

አንድ መስመር ብቻ ነው። ባይቱን ወደ ስትሪንግ (ወደ ጽሑፍ) ስቀይር የኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደልን ከባይት የሚያዛምደውን ደንብ፣ ስም አብሬ እንድሰጥ፣ እሱም ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ነገረኝ። ልክ ነበር። ምክንያቱን ስላልጨመረበት ግን ያን ለት አለፍኩት፤ ሦስት ቀን አባከንኩ።

መልስ 3

ይህችን እህቴን ማመስገን አለብኝ። ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት የመጡትን ባይቶች በቁጥር አትሜ እንዳሳይ ጠየቀችኝ። ስክሪን ላይ የሚታየው ፊደል ብዙ እጅ የነካው ነው፤ ቁጥሩ ግን እንደመጣ ነው ባይ ናት። በማግስቱ ክሊኒኩ ሄጄ ሰላም የሚለውን ቃል ከታብሌቱ ላክሁ። የወጣውን ለጠፍኩ፦ -31፣ -120፣ -80፣ -31፣ -120፣ -117፣ -31፣ -120፣ -99። ሦስት ፊደል ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። ሁሉም ደግሞ ከዜሮ በታች።

መልስ 4

እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ከዜሮ በታች የሆነ ባይት ታይቶ ስለማይታወቅ መረጃው መንገድ ላይ ተበላሽቷል አለ። ጥፋቱን በአዳማ መብራት መቆራረጥና በርካሽ ገመድ ላይ ጣለ። መሠረቱን ሳላውቅ ክሊኒክ ገብቼ ሰው ላይ እንደምሞክርም ተናገረኝ። የመጨረሻዋ አመመችኝ፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ስላልነበረች።

መልስ 5 እና 6

ሁለቱ ተከታትለው መጡ። 5 ቁጥር በጨዋ ቋንቋ 4ን አረመው። የጃቫ ባይት ምልክት ያለው ቁጥር ነው፤ ከ-128 እስከ 127 ይሄዳል። ከዜሮ በታች ያለውን ለማንበብ 256 መደመር ነው። -31 ማለት 225 ነው፣ -120 ማለት 136፣ -80 ማለት 176።

6 ቁጥር ከዚያ ተነስቶ ቁጥሩን ፊደል አደረገው። በዚህ ክር ውስጥ በጣም የወደድኩት መልስ ይህ ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቶታል። ግዕዝ በፈረንጆቹ 1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ከ4608 እስከ 4991 ያለው መደብ ተሰጠው፤ ሀ ራሷ 4608 ናት። ይህን ቁጥር በአንድ ባይት መያዝ አይቻልም፤ አንድ ባይት 255 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ዩቲኤፍ-8 የእኛን ፊደል በሦስት ባይት ይከፋፍለዋል። የመጀመሪያው ከእኔ ጋር ሦስት ነን ብሎ ይናገራል፤ ሁለቱ ተከታይ መሆናቸውን ያስታውቃሉ። ከ225 ላይ 224 ሲነሳ 1 ይቀራል፤ በ4096 ይባዛል። ከ136 ላይ 128 ሲነሳ 8 ይቀራል፤ በ64 ይባዛል፣ 512 ነው። ከ176 ላይ 128 ሲነሳ 48 ነው። 4096 እና 512 እና 48 ሲደመሩ 4656፤ እሱም ሰ ነው። ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ «ላ»ን እና «ም»ን ራሴ አሰላሁ፤ 4619 እና 4637 ወጡ። ባይቶቹ ምንም አልሆኑም ማለት ነው። መብራቱም ገመዱም ነፃ ወጡ።

ያ የላቲን ኤ ለምን እንደሚደጋገም የገባኝ ያኔ ነው። የአማርኛ ፊደል ሁሉ የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው። 225 ደግሞ በምዕራብ አውሮፓው ሰንጠረዥ ያቺ ጭረት ያለባት ኤ ናት። ስክሪን ላይ ኤዋን በየተራ ደርድሮ ያየ ሰው ከሥሯ አማርኛ እንዳለ ይጠርጥር።

መልስ 7

የሁለተኛውን ጥያቄዬን መልስ አመጣ። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ጃቫ የዕትም ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። 8 ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለው 21። ከጃቫ 18 ወዲህ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ፣ ኢንኮዲንግ ካልተጠቀሰ ጃቫ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ዩቲኤፍ-8 ይወስዳል። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩ ራሱ የተዘጋጀበትን ነበር የሚወስደው። የክሊኒኩ ዊንዶውስ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተጫነ ስለሆነ የሚወስደው ዊንዶውስ-1252 የሚባለውን ነው። ያ ሰንጠረዥ የግዕዝ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። የኔ ኮድ የኢንኮዲንጉን ስም ስላልጠራ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ትርጉም ነበረው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ባይት በምን እንደተጻፈ በራሱ አይናገርም። ላኪው ያውቃል፣ ተቀባዩ ያንኑ ማወቅ አለበት። ኮዱ ውስጥ ስሙን ጠርተን ካልጻፍነው ኮምፒውተሩ ይገምታል፤ የሚገምተው ደግሞ በሰው ስም ላይ ነው።

መልስ 8

ከኛ ዕድሜ ከፍ ያሉ ሴት ናቸው፤ አንቱ ብዬ ነው የመለስኩላቸው። ድሮ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት ይሠሩ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ የግዕዝ ፎንት የራሱ አመዳደብ ነበረው። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ያስቀምጣል፣ ፎንቱ ብቻ ላዩ ላይ የግዕዝ መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ላቲን ይሆናል። የእድራቸው መተዳደሪያ ደንብ እንደዚያ ተጽፎ ዲስክ ላይ ቀርቷል። አሁን በዩቲኤፍ-8 ባነበው ይመለሳል ወይ ብለው ጠየቁ።

የሚያሳዝነው አይመለስም። እሱ ከመነሻውም ዩኒኮድ አልነበረም። መጀመሪያ ፎንቱን ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎ ለዚያ ፎንት የተሠራ የፊደል ማመሳከሪያ ማግኘት ያስፈልጋል። 9 ቁጥር በትሕትና ይህንኑ ነገራቸውና አንዱን ገጽ ፎቶ አንስተው እንዲልኩለት ጠየቃቸው። ተገናኝተው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መልስ 10

ያ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ከባዱ ጥያቄ ገባን። ኮዱን አርሜያለሁ፤ ግን ዳታቤዙ ውስጥ ቀድመው የገቡ ስሞች አሉ። እነሱስ? 10 ቁጥር ቀላል ነው አለ። የተበላሸውን ጽሑፍ በላቲን-1 (ሌላ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው) ወደ ባይት መልሰህ ያንን በዩቲኤፍ-8 አንብበው።

መልስ 11

ቆጣ ብሎ ነው የመጣው። ላቲን-1 እና ዊንዶውስ-1252 አንድ አይደሉም። ከ128 እስከ 159 ያለው ላይ ይለያያሉ፤ የአማርኛ ሁለተኛ ባይት ደግሞ የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው። በላቲን-1 ከመለስከው የባሰ ታበላሸዋለህ፤ በተነበበበት በራሱ በ1252 ነው የሚመለሰው። በሌላው ሰው ዳታ ላይ እንዲህ በግምት ምክር መስጠት ነውር ነው ብሎም ጨመረበት። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ነገሩ ግን እውነት ነበር።

ሞከርኩት። መፈተኛዬ ከበደ የሚለው ስም ነበር። ከበደ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ! ደስታዬን ክሩ ላይ ጻፍኩ። ለክሊኒኩም ነገ ሁሉም ይስተካከላል ብዬ ደወልኩ።

መልስ 12

ደስታዬን ያቆመችው 3 ቁጥር ናት፤ ተመልሳ መጣች። አልማዝ በሚለው ሞክረህ ታውቃለህ ብላ ጠየቀችኝ። ሞከርኩት። አ እና ማ ተመለሱ፤ ል እና ዝ ጠፉ።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዳችኝ። ዊንዶውስ-1252 ውስጥ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። እነዚህ ቁጥሮች ምንም ፊደል አልተሰጣቸውም። ጃቫ እነሱን ሲያገኝ ሁሉንም በአንድ መተኪያ ምልክት ይለውጣቸዋል፤ ያ ጥቁር አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ያለው ጥያቄ ምልክት ነው። አንዴ ከተለወጠ ከአምስቱ የቱ እንደነበር የሚነግረን የለም። ል መጨረሻዋ 141 ነው። ዝ መጨረሻዋ 157 ነው። ከበደ ውስጥ ግን ከአምስቱ አንዱም የለም፤ የተመለሰውም ለዚህ ነው።

ያን ምሽት ፊደል ገበታ ዘርግቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሁ፣ ቁ፣ ጁ ይጠፋሉ። ል፣ ው፣ ግ ይጠፋሉ። ሐ፣ ነ፣ ዐ ይጠፋሉ። ም፣ ኝ፣ ዝ ይጠፋሉ። የፀ፣ የፈና የፐ ቤት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ባይታቸው ራሱ 141 ነው። አራት ነጥቡም ነጠላ ሰረዙም ከእነሱ ጋር ነው። ስለዚህ ገነት «ነ»ን ታጣለች፣ ተስፋ «ፋ»ን ያጣል፣ ሰላም «ም»ን ታጣለች። እስቲ ነ፣ ም፣ ልና ው የሌሉበት ስንት የአማርኛ ስም አለ?

መልስ 13 እስከ 15

አዲስ ችግር ይዤ ተመለስኩ። ከእርማቱ በኋላ የሚገቡት አጭር ስሞች ልክ ናቸው። ማታ ማታ የቀኑ ዝርዝር በአንድ ላይ ሲላክ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ፊደል ይሰበራል። ዛሬ አንዱ ስም ላይ፣ ነገ ሌላው ላይ።

13 ቁጥር ስንት ስንት ባይት እያነበብኩ እንደሆነ ጠየቀ። 1024 ነው። 1024 ለ3 ሲካፈል 341 ሙሉ ፊደል ሆኖ 1 ባይት ይተርፋል። የመጨረሻው ፊደል ተቆርጦ አንድ ባይቱ እዚህ፣ ሁለቱ ቀጣዩ ቁራጭ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ወደ ስትሪንግ እቀይር ነበር። የገረመኝ፣ ይህ ስህተት ከመጀመሪያውም ነበረ። 1252 አንድ ባይት በአንድ ፊደል ስለሚያነብ መቆረጡ አይታይም ነበር። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ብቅ አለ።

14 ቁጥር እንግዲያው 1023 አድርገው፣ ለ3 ይካፈላል አለ። 15 ቁጥር ይህን ሲያነብ ትዕግሥቱ አለቀ። ክፍት ቦታ አንድ ባይት ነው፤ አሐዝ አንድ ባይት ነው፤ መስመር መቀየሪያውም እንዲሁ። አንድ ክፍት ቦታ ከገባ ስሌቱ ፈረሰ። ኔትወርኩም የጠየቅከውን ያህል አሟልቶ ሊሰጥህ ግዴታ የለበትም። ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው አለ። ወይ ባይቱን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ መጨረሻ ላይ አንዴ መቀየር፣ ወይ የተቆረጠውን ይዞ ቀጣዩን በሚጠብቅ አንባቢ መጠቀም። ጃቫ ላይ ኢንፑት ስትሪም ሪደር ይህን ይሠራል፤ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም የራሳቸው አላቸው። 14 ቁጥር ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ባይወጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያቺ ስሌት እኔንም ታሳስተኝ ነበር።

መልስ 16

ይኸኛው የአዳማ ልጅ ነው፤ ጥሩ ነገር አስተዋለ። ፕሮግራሙ ኦሮምኛም ይጽፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይጽፋል። ያስ ተበላሽቶ ያውቃል? አያውቅም። እኔን ያዘናጋኝም እሱ ነው። ቁቤ በላቲን ስለሚጻፍ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ ከ128 በታች ያለው ደግሞ በዩቲኤፍ-8ም በ1252ም አንድ ነው። ተሳስቶም ትክክል ይመስላል። እሱ ግን ሁዻ የሚባለውን ጭረት ስልክ ላይ በተጠማዘዘው ምልክት ጽፌ እንድሞክር ነገረኝ። 226፣ 128፣ 153 ሆኖ መጣ። በአሮጌው ኮድ ሲነበብ ቃሉ መሃል የዩሮ ምልክት ብቅ አለ። የኦሮምኛው ስምም ሳላውቅ ሲበላሽ ኖሯል።

መልስ 17 እስከ 23

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ የአማርኛ ኤስኤምኤስ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ጠየቀ። በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ወይም በቁቤ 160 ስለሚይዝ እንደሆነ ተመለሰለት። ሌላው በፈረንጆቹ 1992 ኬን ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር ኒው ጀርዚ ውስጥ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ዩቲኤፍ-8ን ሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ እንደነደፈ ተረከ።

ከዚያ ጠቡ መጣ። አንዱ፣ ኃይሉ የሚለውን ስም በሀ፣ በሃ፣ በኃ ጽፈው ሲፈልጉት እንደማይገኝ አነሳና፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ስናስገባ ወደ አንድ እንቀይራቸው አለ። ቀጣዩ ቱግ አለ። ስም የባለቤቱ ነው፣ ማንም ፕሮግራመር ተነስቶ ሊያርመው አይችልም አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ተሳደበ። አስተባባሪው ገብቶ አንድ መልስ ሰረዘ፣ ወደ ርዕሱ እንድንመለስም አሳሰበ።

እኔ በዚህ ላይ አቋም አለኝ። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ። ለመፈለጊያ ግን ፊደሎቹ አንድ የተደረጉበት ሌላ ዓምድ ከጎኑ ይኑር። ሰው አያየውም፣ ፍለጋው ግን ያገኛል።

መልስ 24

ዝርዝሩን በሲኤስቪ (በኮማ እየተለየ በሚጻፍ የሰንጠረዥ ፋይል) አውጥቶ ኤክሴል ላይ ሲከፍት ያው የላቲን ኤ እንደመጣበት ነገረን። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉትን ሦስት ባይቶች መጨመር ነው፤ ኤክሴል ሲያያቸው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ያውቃል። እኔም የክሊኒኩን ወርሃዊ ዝርዝር እንዲያ አደረግሁት።

መልስ 25

4 ቁጥር ተመልሶ መጣ። ስለ ኔጌቲቭ ባይቱ መሳሳቱን አምኖ፣ የጠፉትን ስሞች ምን እንዳደረግኋቸው በወንድምነት ጠየቀኝ። ቂም አልያዝኩም።

የመጨረሻው መልስ የራሴ ነው

የጠፉት ፊደሎች በኮድ አልተመለሱም። አሮጌዎቹ የወረቀት ካርዶች መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ከካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጋር ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብለን፣ እሷ ካርዱን እያነበበች እኔ እየጻፍኩ አንድ በአንድ ሞላናቸው። እኚያ እናት በቀጠሯቸው ቀን መጡ። ወረቀቱን እንደገና ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ አነበቡት፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ምንም አላሉኝም።

ኮዱ ውስጥ ያለው መፈተኛ ስም ከበደ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አሁን አልማዝ፣ ገነት፣ ተስፋ፣ ሐረገወይን፣ ኃይሉ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ከአራት ነጥብ ጋር አሉ። ሺህ ጊዜ ተደጋግመው በአንድ ላይ ይላካሉ፤ በየቦታው እንዲቆረጡ። የቸኮለ ገልብጦ ይውሰደው።